የጤና መድህን ውል መከበርና የታካሚው ዋስትና፦ ከአቃቂ ቃሊቲ አንፃር ሲታይ

የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር የሆነው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከአገሪቱ ቀደምት የኢንዱስትሪ አካባቢዎች አንዱ ነው። የቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ያለፈበት፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉበት ይህ አካባቢ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ በተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ምክንያት የነዋሪው ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። በክፍለ ከተማው ከቋሚ የፋብሪካ ሠራተኞች ጎን ለጎን የቀን ሠራተኞች፣ በጥቃቅን ንግድ የሚተዳደሩ ወገኖች፣ አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው፣ ጡረተኞችና በከተማ ግብርና የተሰማሩ ቤተሰቦች ይኖራሉ።

ቋሚ ደመወዝ የሌለው ይህ የኅብረተሰብ ክፍል በሚታመምበት ጊዜ ሁለት ጉዳት ይደርስበታል። በአንድ በኩል የዕለት ገቢው ይቋረጣል፤ በሌላ በኩል ለሕክምና ያልታሰበ ወጪ ይጠየቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የተዘረጋውም ይህንን ጉዳት ለመቀነስ ነው። አባሉ ጤነኛ በሆነበት ጊዜ አነስተኛ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል፤ በታመመበት ጊዜ ደግሞ መታወቂያውን ይዞ በመሄድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማል።

ይሁን እንጂ የመድህን መታወቂያ በራሱ ሕክምና አይሰጥም። ከመታወቂያው በስተጀርባ የመድህን ተቋሙ ከጤና ጣቢያዎች፣ ከሆስፒታሎችና ከመድኃኒት መደብሮች ጋር የሚፈራረመው ውል አለ። ውሉ በአግባቡ ሲፈጸም አባሉ ስለ ውሉ መኖር እንኳ ላያውቅ ይችላል። ክፍያ ሲዘገይ፣ የሒሳብ ሰነድ ውድቅ ሲደረግ ወይም ውል ሳይታደስ ሲቀር ግን የሁለቱ ተቋማት አለመግባባት መዋጮውን አስቀድሞ ከፍሎ ባጠናቀቀው ታካሚ ትከሻ ላይ ያርፋል።

የሥርዓቱ አመጣጥ

ኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂዋን ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነበር። በዚሁ ማሻሻያ መሠረት የጤና ተቋማት ከአገልግሎት የሚሰበስቡትን ገቢ ለመድኃኒት መግዣና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ። ከዚያ ቀደም ገቢው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ፈሰስ ይደረግ ነበር። ይህ ለውጥ ከዛሬው ጉዳይ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። የሆስፒታሉ የመድኃኒት መደርደሪያ መሙላት ወይም መጉደል ከውስጥ ገቢው ጋር የተቆራኘው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነውና።

በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ታወጀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የኢትዮጵያ የጤና መድህን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱ በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት በሚል መጠሪያ ይታወቃል። አዋጁ የሚመለከተው ደመወዝተኛውን ሲሆን፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ይደነግጋል። ለጡረተኞች መዋጮው ከባለመብቱ 1 በመቶ፣ ከመንግሥት 1 በመቶ እንዲሆን ተደርጓል። የዚህ ሥርዓት አፈጻጸም ግን በተደጋጋሚ ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ ቆይቷል። ለመዘግየቱ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በመንግሥት ሠራተኛው ዘንድ የተነሣው ጥያቄ ነው፤ ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ በጤና ተቋማት ተመጣጣኝ አገልግሎት ያስገኛል ወይ የሚል ነበር።

መደበኛ ባልሆነው የሥራ ዘርፍና በግብርና ለሚተዳደረው ሕዝብ የታቀደው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአንፃሩ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። በሙከራው ወቅት የፌዴራል መንግሥት ከአባላት መዋጮ 25 በመቶ የሚሆን ጠቅላላ ድጎማ ያደርግ ነበር፤ መክፈል የማይችሉ ወገኖችን መዋጮ ደግሞ ክልሎችና ወረዳዎች ይሸፍኑ ነበር። በሙከራው ላይ የተካሄደው ግምገማ የመድህን አባላት የጤና ተቋማትን የመጠቀም ልማዳቸው በግልጽ መጨመሩን አረጋግጧል። ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ወረዳዎች የተስፋፋ ሲሆን፣ አዲስ አበባም በ2010 ዓ.ም. ገደማ በተመረጡ ወረዳዎች ጀምራ ወደ ሁሉም ክፍለ ከተሞች አስፋፍታዋለች።

የአባላት ቁጥርና የአገልግሎት አጠቃቀም መጨመር የሚያስደስት ውጤት ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ ግን የጤና ተቋማት ለመድህን የሚያቀርቡት የክፍያ ጥያቄ መጠን አደገ። ቀድሞ ከታካሚው በጥሬ ገንዘብ በዕለቱ ይሰበሰብ የነበረው ገቢ አሁን ከሦስት ወር በኋላ በሰነድ ተጠይቆ የሚገኝ ሆነ። የአለመግባባቱ መነሻም በአብዛኛው በዚህ የጊዜ ልዩነት ውስጥ ይገኛል።

ክፍያው የሚዘገየው ለምንድን ነው?

በሥራ ላይ በቆየው አሠራር ሆስፒታሎች በአብዛኛው የሚከፈላቸው በሰጡት አገልግሎት ልክ ነው። ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ አባል የሰጠውን የካርድ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒትና የአልጋ አገልግሎት መዝግቦ በየሩብ ዓመቱ ለመድህን ጽሕፈት ቤቱ ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ታካሚው ትክክለኛ አባል መሆኑን፣ የሪፈራል ወረቀት መያዙን፣ የታዘዘው መድኃኒት ከበሽታው ጋር መጣጣሙንና ዋጋው በውሉ ከተመለከተው ታሪፍ ጋር አንድ መሆኑን ከመረመረ በኋላ ክፍያ ይፈጽማል።

በአሠራሩ ላይ ሁለቱም ወገኖች ተገቢ መከራከሪያ አላቸው። የመድህን ተቋሙ የሚያስተዳድረው የሕዝብ ገንዘብ በመሆኑ ያለ ማጣራት እንዲከፍል አይጠበቅም። በአንድ መታወቂያ ሁለት ሰው ሊታከም፣ ያልተሰጠ መድኃኒት ተሰጥቷል ተብሎ ሊመዘገብ፣ አስፈላጊ ያልሆነ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ተቋሙ እንዲህ ዓይነቱን ብክነት ካልተቆጣጠረ የአባላቱ መዋጮ ዓመቱን ሳያገባድድ ያልቃል። በሆስፒታሉ በኩል ደግሞ አገልግሎቱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ መድኃኒቱ ወጪ ሆኗል። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ሰነዶች በእጅ ተጽፈው፣ በእጅ ተመርምረው፣ በአንድ ፊርማ ጉድለት ሲመለሱ የሚወስደው ጊዜ የሆስፒታሉን ሥራ ያስተጓጉላል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሆስፒታል በአንድ ሩብ ዓመት ለመድህን አባላት የ3 ሚሊዮን ብር አገልግሎት ሰጠ እንበል። ሰነዱን አዘጋጅቶ ለማቅረብ አንድ ወር፣ ለማጣራትና ለመክፈል ሁለት ወር ቢወስድ፣ ክፍያው እስኪገባ ሆስፒታሉ የሌላ ሩብ ዓመት አገልግሎት ሰጥቶ ጨርሷል። በመሆኑም ምንም ዓይነት ክርክር ባይነሣ እንኳ በማንኛውም ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ገንዘቡ በተሰብሳቢ ሒሳብ ላይ ይውላል። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው በማጣራት ምክንያት ውድቅ ቢደረግና ክርክሩ ቢራዘም ደግሞ ጉድለቱ በቀጥታ የሚታየው በመድኃኒት ግዥ ላይ ነው። ሆስፒታሎች መድኃኒት የሚገዙት በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ የተሸጠው መድኃኒት ገንዘብ ካልተመለሰ የሚቀጥለውን ግዥ መፈጸም አይቻልም። ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚከፈለውም ገንዘብ ከዚሁ ቋት የሚወጣ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የዋጋ ለውጥ ሌላው የአለመግባባት ምንጭ ነው። የመድህኑ ዓመታዊ መዋጮ የሚወሰነው አስቀድሞ ሲሆን፣ የመድኃኒትና የሕክምና መገልገያ ዋጋ ግን ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይለዋወጣል። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ከውጭ በሚገቡ መድኃኒቶች ላይ የዋጋ ጫና ማሳደሩ የሚጠበቅ ነበር። ሆስፒታሉ መድኃኒቱን በአዲስ ዋጋ ገዝቶ በአሮጌ ታሪፍ እንዲያስከፍል ሲጠየቅ፣ መድህኑም በአሮጌ መዋጮ አዲሱን ዋጋ እንዲከፍል ሲጠየቅ፣ ሁለቱም አቅማቸው ያልፈቀደውን ግዴታ ይሸከማሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ውል ይህንን ችግር ሊፈታ አይችልም።

የድንበር ላይ ክፍለ ከተማ ልዩ ሁኔታ

አቃቂ ቃሊቲን ከመሐል ከተማ የሚለየው በከተማ አስተዳደሩና በኦሮሚያ ክልል ወሰን ላይ የሚገኝ መሆኑ ነው። በክፍለ ከተማው የሚገኘው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተገነባ ሲሆን፣ መጠሪያውን ያገኘው አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ካስገኘቻቸው ሁለት የወርቅ ሜዳሊያዎች ጋር ተያይዞ ነው። ሆስፒታሉ የሚተዳደረው በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ ሥር ነው። በመሐል ከተማ ከሚገኙት ከዘውዲቱ፣ ከየካቲት 12፣ ከዳግማዊ ምኒልክና ከራስ ደስታ ሆስፒታሎች ርቆ በደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ በመሆኑ፣ ለክፍለ ከተማው ነዋሪ ብቻ ሳይሆን በገላንና በዱከም መሥመር ለሚኖረው ሕዝብም ቅርብ ነው።

ሕመም የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ የመድህን ውል ግን ያውቃል። የኦሮሚያ የመድህን አባል የሆነ ሰው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ያለ ክፍያ እንዲታከም የእርሱ መድህን ከዚያ ሆስፒታል ጋር ውል ሊኖረው ይገባል። ሆስፒታሎች ከየአቅጣጫው ከሚመጡ መድህኖች ጋር ለየብቻ ውል ሲይዙ፣ የክፍያ ጥያቄ ቅጹም፣ የማጣራት ሥርዓቱም፣ የመክፈያ ጊዜውም የተለያየ ይሆናል። ውል በሌለበት ወይም ጊዜው ባለፈበት ሁኔታ የሚመጣ ታካሚ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ በኪሱ ከፍሎ ይታከማል፣ ካልሆነም ወደ ሩቁ ውል ያለበት ሆስፒታል ይጓዛል።

ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሲያልፍም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። በከተማ አስተዳደሩ ሥር ካሉት ሆስፒታሎች በተጨማሪ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቅዱስ ጳውሎስና የአለርት ሆስፒታሎች ደግሞ በፌዴራል ደረጃ የሚተዳደሩ ናቸው። ከአቃቂ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ካንሰር ወይም የልብ ሕክምና የሚደርስ አንድ ታካሚ የሦስት ባለቤቶችን ደጃፍ ሊያልፍ ይችላል። በሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ላይ ውሉ ከተበጠሰ የቀሩት ቀለበቶች መጠንከር አያድነውም።

ሌላው የክፍለ ከተማው ገጽታ የፋብሪካ ሠራተኛው ጉዳይ ነው። ቋሚ ደመወዝተኛ በመሆኑ የማኅበረሰብ አቀፍ መድህን ዋነኛ ተጠቃሚ አይደለም፤ የማኅበራዊ ጤና መድህኑም ለዓመታት ሲዘገይ ቆይቷል። በመሆኑም የሠራተኛው የሕክምና ዋስትና በአሠሪው መልካም ፈቃድ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም ድርጅቱ ከግል ክሊኒክ ጋር በሚያደርገው ውል ላይ ይመሠረታል። ድርጅቱ ሒሳቡን ሳይከፍል ሲቀር ክሊኒኩ አገልግሎቱን ያቆማል፤ ሠራተኛው ይህንን የሚያውቀው ደግሞ በታመመ ዕለት ነው።

የታካሚው ድርሻ

በመድህንና በሆስፒታል መካከል የሚነሣ አለመግባባት ብዙውን ጊዜ በይፋ ውል በማቋረጥ አይገለጽም። የሚገለጸው በሌላ መንገድ ነው። ታካሚው ሐኪም ያየዋል፣ የላቦራቶሪ ምርመራም ያገኛል፤ ማዘዣውን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሲሄድ ግን መድኃኒቱ አለመኖሩ ይነገረውና ከውጭ እንዲገዛ ይደረጋል። በሰነድ ላይ አገልግሎቱ አልተቋረጠም፤ በተግባር ግን የሕክምናው ከፍተኛ ወጪ ወደ ታካሚው ተመልሷል።

የጉዳቱ ክብደት እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። ለአንድ ጊዜ ሕመም ከውጭ መድኃኒት የገዛ ሰው ምሬቱን ተሸክሞ ያልፈዋል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ታካሚ ግን መድኃኒቱን በየወሩ ይፈልጋል። አንድ ወር በገንዘብ እጦት መድኃኒቱን ያቋረጠ የደም ግፊት ሕመምተኛ በሌላው ወር በደም መፍሰስ አደጋ ተይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ መድህኑ የሚከፍለው ወጪ በወቅቱ ሳይከፍለው ከቀረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክፍያን ማዘግየት ለመድህኑም ቢሆን ቁጠባ አይደለም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2009 ዓ.ም. የነበረውን ሁኔታ ያሳየው አገር አቀፍ የጤና ሒሳብ ጥናት ከአገሪቱ አጠቃላይ የጤና ወጪ ውስጥ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋው ከቤተሰቦች ኪስ የሚወጣ መሆኑን አመልክቷል። የመድህን ሥርዓት ዋነኛ ዓላማ ይህንን ድርሻ መቀነስ ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ እንደገና መድኃኒት በኪሱ የሚገዛ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ከፍሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለው አባል በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል። ጤነኛው ወጥቶ ሕመምተኛው ብቻ የቀረበት መድህን ደግሞ ወጪው እየጨመረ፣ ገቢው እየቀነሰ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ የከነማ መድኃኒት ቤቶች ለመድህን አባላት አገልግሎት እንዲሰጡ መደረጉ የመድኃኒት ክፍተቱን ለማጥበብ የተወሰደ ጠቃሚ እርምጃ ነው። ይሁንና ይህም በበኩሉ ሌላ ውል፣ ሌላ የክፍያ ጥያቄና ሌላ ተሰብሳቢ ሒሳብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሆስፒታሉ ያልተፈታው የክፍያ መዘግየት ወደ መድኃኒት ቤቱ ከተሸጋገረ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ችግሩ በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጋና ብሔራዊ የጤና መድህን ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው በአገሪቱ “ከፍለህ ታከም” ሊባል የሚችለውን የቀድሞ አሠራር ለማስቀረት ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የመድህን ባለሥልጣኑ ክፍያ በመዘግየቱ የጤና ተቋማት ወደ ጥሬ ገንዘብ ክፍያ እንደሚመለሱ በተደጋጋሚ አስጠንቅቀዋል። አገሪቱ ወጪን ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2012 በአሻንቲ ክልል በነፍስ ወከፍ የሚከፈል አሠራር ሞክራ፣ ከአገልግሎት ሰጪዎችና ከኅብረተሰቡ በገጠማት ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2017 አቁማዋለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የክፍያ ዘዴ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆንና የሚመለከታቸው ወገኖች መተማመን እንደሚያስፈልግ ነው።

ጎረቤት ኬንያ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነባሩን ብሔራዊ የሆስፒታል መድህን ፈንድ በአዲስ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተክታለች። የግል ሆስፒታሎች ማኅበር ከነባሩ ፈንድ ያልተከፈለ ውዝፍ ሒሳብ እንዳለ በመጥቀስ በዚያው ዓመት አጋማሽ ለመድህኑ አባላት የሚሰጠውን አገልግሎት እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር። መድህን ስሙንና አደረጃጀቱን ቢለውጥም ውዝፍ ዕዳው አብሮት እንደሚሻገር የኬንያ ሁኔታ ያሳያል።

በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ታካሚው ከክርክሩ አላመለጠም። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ሃይማርክ የተባለው የጤና መድህን ድርጅትና ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. የተባለው የሆስፒታሎች ተቋም በውል እድሳት ምክንያት ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው፣ የፔንሲልቬኒያ ግዛት መንግሥት ጣልቃ ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የ10 ዓመት ስምምነት ላይ ደርሰዋል። በክርክሩ ዓመታት የካንሰር ሕክምና ጀምረው የነበሩ ታካሚዎች ሐኪማቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ በመገንዘብ፣ ለእነዚህ ወገኖች የሕክምና ቀጣይነት ጥበቃ እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። ተቋማቱ ሲከራከሩ የተጀመረ ሕክምና እንዳይቋረጥ አስቀድሞ መደንገግ እንደሚቻል ይህ ያመለክታል።

ከዚህ አንፃር ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የመክፈያ ጊዜ በውሉ ላይ በቀን ተቆጥሮ መቀመጥና መከበር አለበት። ሙሉው ማጣራት እስኪጠናቀቅ ሁሉንም ክፍያ ከመያዝ ይልቅ ሰነዱ እንደቀረበ ከፍተኛውን ድርሻ በቅድሚያ ከፍሎ፣ አከራካሪውን ክፍል ብቻ ለማጣራት ማቆየት ይቻላል። ይህ አሠራር የመድህኑን የቁጥጥር ሥልጣን ሳይነካ የሆስፒታሉን የመድኃኒት ግዥ ያስቀጥላል። ሆስፒታሉም በበኩሉ ሰነዱን በወቅቱና በተሟላ ሁኔታ የማቅረብ ግዴታ ይኖርበታል። ለዘገየ ክፍያ መድህኑን መውቀስና የዘገየ ሰነድ ማቅረብ አብረው አይሄዱም።

ሁለተኛ፣ የማጣራት ሥራው ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሊሸጋገር ይገባል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የአባሉን ማንነት በቀላሉ ለማረጋገጥ የሚያስችል ዕድል ፈጥሯል። ታካሚው በካርድ ክፍል በሚመዘገብበት ሰዓት አባልነቱ ከተረጋገጠ፣ ከሦስት ወር በኋላ “ይህ ሰው አባል አይደለም” ተብሎ የሚነሣ ክርክር አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የየወረዳው አነስተኛ ቋት ወደ ሰፊ የጋራ ቋት እንዲሸጋገር የተጀመረው አቅጣጫ ሊጠናከር ይገባል። ጥቂት ከባድ ሕሙማን ሲገጥሙት የሚራቆት ቋት ለሆስፒታሎች አስተማማኝ ከፋይ አይሆንም። በአቃቂ ቃሊቲና በመሰሎቹ የወሰን አካባቢዎች ደግሞ በከተማ አስተዳደሩና በኦሮሚያ የመድህን ተቋማት መካከል አንድ ወጥ የውል ቅጽና የሒሳብ ማወራረጃ ሥርዓት ቢኖር ታካሚው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ከመመላለስ ይድናል።

አራተኛ፣ መንግሥት መክፈል ለማይችሉ ወገኖች የሚመድበው ድጎማ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሊለቀቅ ይገባል። የክፍያ መዘግየት ሁልጊዜ ከመድህን ጽሕፈት ቤቱ የሚጀምር አይደለም። ድጎማው በሰኔ ወር ከደረሰ ጽሕፈት ቤቱ በጥቅምት ለሆስፒታሉ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? በዚህ ረገድ የገንዘብና የጤና ዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ቅንጅት ወሳኝ ነው።

አምስተኛ፣ የታካሚው ጥበቃ በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሊሆን ይገባል። ውል ባይታደስም ወይም ክርክር ቢነሣም የተጀመረ ሕክምና፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የድንገተኛ ሕክምናና የረጅም ጊዜ ሕሙማን የመድኃኒት አቅርቦት ለተወሰነ ጊዜ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ከውጭ መድኃኒት ለመግዛት የተገደደ አባልም ደረሰኙን አቅርቦ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ግልጽና አጭር መንገድ ሊኖረው ያስፈልጋል። የሁለቱን ወገኖች አለመግባባት በተወሰነ ቀን ውስጥ የሚመረምር፣ ከከፋዩም ከተከፋዩም ነፃ የሆነ አካል መኖሩ ደግሞ ጉዳዩ በደብዳቤ ልውውጥ እንዳይራዘም ያደርጋል።

ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኛውም ቅርብ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድህን በሥራ ላይ ሲውል ከደመወዙ 3 በመቶ የሚቆረጥበት ሠራተኛ የሚገባው ወደ እነዚሁ ሆስፒታሎች፣ የሚታከመውም በተመሳሳይ ውል ነው። የቀን ሠራተኛው ዛሬ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚያገኘው መልስ ነገ ለደመወዝተኛው የሚሰጠው መልስ ይሆናል። በማኅበረሰብ አቀፉ ሥርዓት የክፍያና የውል አስተዳደር ችግሮችን መፍታት፣ ለማኅበራዊው ሥርዓት ከሠራተኛው ዘንድ የሚጠየቀውን አመኔታ ለማግኘት ከሁሉ የተሻለው ዝግጅት ነው።

በአጠቃላይ የጤና መድህን ስኬት እስካሁን በአመዛኙ ሲለካ የቆየው በተመዘገበው አባል ብዛትና በተሰበሰበው መዋጮ መጠን ነው። እነዚህ መለኪያዎች ተገቢ ቢሆኑም በቂ አይደሉም። የክፍያ ጥያቄዎች በስንት ቀን ውስጥ እንደተከፈሉ፣ ከታዘዙት መድኃኒቶች ስንቶቹ በሆስፒታሉ ውስጥ እንደተገኙ፣ አባሉ ከኪሱ ምን ያህል እንዳወጣ የሚያሳዩ መለኪያዎች በየደረጃው በሚቀርቡ ሪፖርቶች ውስጥ ሊካተቱ ይገባል። በየወረዳው፣ በየክፍለ ከተማውና በየቢሮው የሚገኙ ኃላፊዎችና ፈጻሚዎች ውሉን የሁለት ተቋማት የሒሳብ ጉዳይ አድርገው ሳይሆን ለአባሉ የተገባ ቃል አድርገው ሊያስፈጽሙት ይጠበቅባቸዋል።